ከማርቆስ ሞጣ በአየር

ሮብ ገበያ በሄድሁ ቁጥር ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ያመጣል፤ «ከማርቆስ ሞጣ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው?» ጠያቂዎቹ አይፈረድባቸውም። ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ሽቅብ ወጥቶ፣ የጮቄን ተራራ ተሻግሮ፣ በድጓ ጽዮን በኩል ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ሐምሌ ላይ ጉሙና ጭቃው ሲፈራረቁበት በዚያ መንገድ ድንችና እንግዶ ጭኖ ያለፈ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ቢመኝ ምን ይገርማል?

እንጀራዬ ይኸው ጥያቄ ነው። የበረራ ዲስፓቸር ነኝ። አውሮፕላን አላበርም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ቅር መሰኘት ይነበባል። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በየት እንደሚሄድ፣ በስንት ጫማ ከፍታ እንደሚበር፣ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚይዝና የሚሄድበት ቦታ ቢዘጋበት የት እንደሚያርፍ አሰላለሁ። ካፒቴኑ ያየዋል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዴ ይከራከራል፤ ከተስማማን ሁለታችንም እንፈርማለን። ረጅሙ በረራ ይከብዳል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው በርግጥ ብዙ ወረቀት አለው፤ ነገር ግን ስሕተትን የሚያርሙበት ሰፊ ሰዓትም አለው። አጭሩ በረራ ግን ማሰቢያ አይሰጥም።

በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀት ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ በተለይ ማርቆስና ሞጣ ለስሌት ይመቻሉ። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነው፤ 1,852 ሜትር። ደብረ ማርቆስ 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ላይ፣ ሞጣ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ላይ ናቸው። ልዩነቱ 45 ደቂቃ፤ ስለዚህ 45 ማይል ገደማ። ሞጣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ስለምትል ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ነገሩ ያው ነው። በኪሎ ሜትር ሲመነዘር ከ83 እስከ 85 ቢሆን ነው። ሁለቱም ከተሞች ዛሬም በዓለም የአየር መንገዶች መዝገብ ውስጥ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላቸው፤ ማርቆስ ዲ ቢ ኤም፣ ሞጣ ኦ ቲ ኤ ይባላሉ። ሁለቱን ፊደሎች ስልክ ላይ ላለ ማስሊያ ብትሰጡት ርቀቱን በአንድ ጊዜ ያወጣና፣ በትልቅ ጄት ፍጥነት አካፍሎ «ስድስት ደቂቃ» ይላችኋል። አንዳንዱ ጠንቃቃ ነኝ ባይ ደግሞ ለመነሣትና ለማረፍ ብሎ ሠላሳ ደቂቃ ይደምርበታል፤ ለለንደንም ለሞጣም ያንኑ ሠላሳ። ፊደሉ በመዝገብ መኖሩን እንጂ መንደርደሪያው ላይ ከብት ይጋጥ አይጋጥ አይጠይቅም።

ማስሊያው ያላየው ጮቄን ነው።

ጮቄ 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ላይ ነው ያለ። ቁጥሩን አስተውሉት፤ ከማርቆስ 22፣ ከሞጣ 23 ማይል፤ ልክ መካከሉ ላይ። ማርቆስንና ሞጣን በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ ማስመሪያ ብታደርጉ ከፍተኛው ጫፍ ከመስመሩ ሦስት ማይል እንኳ አይርቅም። ቁመቱ 4,100 ሜትር ያህል ነው፤ ከ13,400 ጫማ በላይ። በተራራ አገር በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን ከከፍተኛው መሰናክል ቢያንስ 2,000 ጫማ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ጮቄን በቀጥታ የሚሻገር ሰው 15,500 ጫማ ገደማ ላይ መሆን ይኖርበታል። ማርቆስ ራሷ 8,000 ጫማ ላይ ስላለች የሚወጣው 7,500 ጫማ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። በአገር ውስጥ መስመሮቻችን የሚሠራው ዓይነት ባለ ሁለት ሞተር ተርቦፕሮፕ አውሮፕላን በደቂቃ 1,500 ጫማ ቢወጣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ 16 ማይል ያህል ይሄዳል። ጮቄ ላይ ሲደርስ ከፍታውን ይዟል፤ ደግ። ለመውረድ ደግሞ የሙያችን የቆየ ልማድ ለእያንዳንዱ ሺህ ጫማ ሦስት ማይል ስጥ ይላል፤ 7,500 ጫማ ለመውረድ 22 ማይል ተኩል። ድምሩ 38 ማይል ተኩል ነው። ከ45ቱ ማይል ለዋናው በረራ፣ መንገደኛው ቀበቶውን ፈትቶ በመስኮት ለሚያይበት፣ የተረፈው ከሰባት ማይል በታች ነው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ሁሉ መውጣትና መውረድ ነው።

ይህም ቢሆን በወረቀት ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ማረፊያ በ25 ማይል ዙሪያ የሚሠራ ዝቅተኛ የከፍታ ወሰን ይወጣለታል፤ አብራሪው አቅጣጫውን አጥርቶ እስኪያውቅ ድረስ ከዚያ በታች አይወርድም። ጮቄ በማርቆስም ክበብ በሞጣም ክበብ ውስጥ ይገባል። ከማርቆስ ሲነሡ ተራራው ፊት ለፊት ነው፤ ሞጣ ሲደርሱ ከኋላ ነው፤ በአንድም በኩል አይለቅም። አንድ ጊዜ ይህን ለአንድ ሽማግሌ ሳስረዳ ጸጥ ብለው ሰምተውኝ፣ «እንግዲህ ሰማዩም ላይ ጮቄ አለ ነው የምትለኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ አለ» አልኋቸው። ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ ከአስተማሪዎቼም አልሰማሁም።

አብራሪዎች ይህን ለመሸሽ ተራራውን ይዞራሉ። በምሥራቅ በኩል ወደ ደብረ ወርቅ አቅንተው፣ የዓባይን ሸለቆ በስተቀኝ እያዩ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሞጣን ቢይዙ መንገዱ 63 ማይል ያህል ይሆናል። አሥራ ስምንት ማይል ተጨመረ ማለት ነው። ትርፍ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የያዛቸውን ሲ 47 አውሮፕላኖችና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ዲሲ 3ዎችን አስቡ። ጓዳቸው አየር አይታመቅበትም። ከ13,000 ጫማ በላይ ለሚበር ሠራተኛ ሁሉ ያለማቋረጥ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ከ10,000 በላይም ከግማሽ ሰዓት ከበለጠ እንዲሁ። በዚያ ላይ ከማርቆስ የሚነሣ ዲሲ 3 ገና መሬት ላይ እያለ 8,000 ጫማ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ሞተሩ የደከመ። ዝርግ መንገድ ረዝሞ ጊዜው የሚያጥርበት ጊዜ አለ፤ ባያጥርም ልብ አያስመታም።

ስለ ስስ አየር ካነሣሁ አይቀር፦ በ8,000 ጫማ ላይ የፍጥነት መለኪያው 100 ቢያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 113 ገደማ ነው። ለመንገድ ይጠቅማል፤ ለማረፍ ግን ይከብዳል፤ አውሮፕላኑ ሳይታወቀው ፈጥኖ ነው መሬት የሚነካው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። የማርቆስ ከፍታ ላይ መደበኛው ሙቀት ዜሮ አካባቢ ነው ተብሎ ነው ሠንጠረዡ የተሠራ። ሚያዝያ ላይ ቀትር 25 ዲግሪ ቢሆን አውሮፕላኑ 11,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል። ለዚህ ነው የደጋ መንደርደሪያ ረጅም መሆን ያለበት፤ ለዚህም ነው ጠዋት የሚነሣው በረራ ጭነት የሚበልጠው። ሜዳ አገር የተማረ ወጣት ዲስፓቸር ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደናገጠው በዚህ ነው።

ታዲያ መልሱ ስንት ደቂቃ ነው? አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ ሌላው ቦታ ላይ እስኪቆም ያለውን እኛ ብሎክ እንለዋለን። መሬት ላይ መንከባለሉ፣ የመንደርደሪያው አቅጣጫ ወደ ደቡብ ከሆነ ተነሥቶ መዞሩ፣ መውጣቱ፣ መውረዱ፣ ለማረፍ መስተካከሉ ሁሉ ሲደመር ከማርቆስ ሞጣ 25 ደቂቃ ቢባል ያስኬዳል። ነፋሱ እዚህ ብዙ አይፈርድም፤ በዚህ ርቀት 30 ኖት ነፋስ የሚያመጣው ልዩነት አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። የመንደርደሪያው አቅጣጫ ግን አምስት ደቂቃ ሊሰጥም ሊነሣም ይችላል። ተሳፋሪው ከቤቱ ወጥቶ ማረፊያው የሚደርስበትን፣ የሚፈተሽበትን፣ የሚጠብቅበትን ስትጨምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሃያ አምስቱ ደቂቃ በዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

እስካሁን ያልሁት ግን የጥያቄው ቀላሉ ክፍል ነው። ለእኔ ሁለት የሚቀራረቡ ማረፊያዎች ዋና ጥቅማቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አይደለም። አንዱ ለሌላው መጠጊያ መሆኑ ነው። አልተርኔት እንለዋለን፤ አማራጭ ማረፊያ። የሚሄድበት ቦታ ጉም ቢወርድበት፣ መንደርደሪያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ጎማው ፈንድቶ ቢዘጋው፣ አውሮፕላኑ የት ይሄዳል? ይህን ሳልመልስ አልፈርምም። ነዳጁም የሚቆረጠው በዚሁ ነው፦ ለመንከባለል፣ ለመንገድ፣ ላልታሰበ ነገር፣ እስከ አማራጩ ድረስ፣ በመጨረሻም በማንም የማይነካ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ። ላልታሰበ የሚባለው የመንገዱ ነዳጅ 5 በመቶ ነው ይባላል፤ በአጭር በረራ ግን አምስት በመቶው ከአንድ ደቂቃ ስለማይዘል ቢያንስ የአምስት ደቂቃ ያህል ይያዛል። ሞጣ የሚሄድ አውሮፕላን ለመንገዱ ከሚያቃጥለው ይልቅ ለማያቃጥለው የሚሸከመው ይበልጣል። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ለሞጣ አማራጭ ምረጥ ቢሉኝ፣ ሦስት ማዕዘን አለኝ። ወደ ማርቆስ መመለስ 45 ማይል ነው። ወደ ባሕር ዳርም ለክቼዋለሁ፤ ያውም 45 ማይል ነው። ካርታ ላይ እኩል ናቸው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሳላስብ ባሕር ዳርን እጽፋለሁ። ማርቆስ ማለት ዳግመኛ ጮቄን መውጣት ነው፤ ያውም ማረፍ ተስኖት ነዳጁን እየቆጠረ። ባሕር ዳር ግን ከ6,000 ጫማ በታች ናት፤ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሞተር ረገብ ብሎ ይወርዳል። መንደርደሪያዋ ሰፊ፣ መብራት ያላት፣ ጄት የምታስተናግድ ናት። እኩል ማይል፣ የተለያየ ነዳጅ፣ የተለያየ የልብ ምት።

ቅርብ መሆን ራሱ እንቅፋት የሚሆንበትም አለ። ጀማሪዎችን ሳሠለጥን የምጨቀጭቃቸው በዚህ ነው። ካርታውን አይተው ከመድረሻው ቀጥሎ ያለውን ነጥብ አማራጭ ብለው ይጽፋሉ። ጎረቤት ግን የሚካፈለው ሰማዩንም ነው። ነሐሴ ላይ ከጮቄ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም የሚንከባለለው ደመና ማርቆስንና ሞጣን በአንድ ጊዜ ከሸፈነ፣ አማራጩ በወረቀት አለ፣ በአየር ግን የለም። ባሕር ዳርና ጎንደርን ውሰዱ። በመኪና ጣናን ዞረው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በአየር ግን በቀጥታ 55 ማይል፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር። አየር ላይ ያለው ጊዜ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ለቱሪስት የሚሸጥ ውብ ጉዞ። አንዱ ለሌላው ጥሩ አማራጭ ነው፤ ግን ከሐይቁ ላይ የተነሣ ማዕበል በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። የዚያን ዕለት ሩቁ አዲስ አበባ ይሻላል። ነዳጅ ይበዛል፣ ጭነት ይቀነሳል፣ ንግድ ክፍሉ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ዓለምም ላይ ይኸው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ በሚባሉ ሁለት ደሴቶች መካከል ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መደበኛ በረራ አለ፤ በሰሌዳው ላይ ሁለት ደቂቃ ተብሎ የተጻፈ። እዚያ የሚሠራው መሐላቸው ባሕር እንጂ ተራራ ስለሌለ ነው፤ ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ ትሻገራለች። ኪንሻሳና ብራዛቪልም በኮንጎ ወንዝ ማዶና ማዶ ሆነው እየተያዩ፣ ማረፊያዎቻቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ። ሆኖም ሁለት አገር ናቸው፤ ፓስፖርት አለ፣ ጉምሩክ አለ። የሚወሰደው ጊዜ የወንዙ ሳይሆን የወረፋው ነው።

እኛ ደጋዎች ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት ያለብን አይመስለኝም። ሮብ ገበያ ላይ «ቤትህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ማልዶ የወጣ ለምሳ ይደርሳል»፣ «በግማሽ ቀን ያስኬዳል»፣ «ሲሄዱ ዳገት ነው፣ ሲመለሱ ይቀላል» ይባላል። ዲስፓቸርም የሚያወራው እንደዚሁ ነው። ነዳጁን በኪሎ ብንመዝነውም የምንጠይቀው «ስንት ደቂቃ አለው?» ብለን ነው። መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብለን አናምንም። በሰዓት ብቻ እንለያያለን፤ እኛ በዓለሙ ሰዓት፣ ዙሉ በምንለው ነው የምንሠራ። ለሐበሻው ግን ዙሉ ይቀላል፤ ሦስት መቀነስ ብቻ ነው። ዙሉ 9 ሲሆን ሮብ ገበያ 6 ሰዓት ነው፤ ቀትር።

አሁን ወደ ጠያቂዎቼ ልመለስ፤ ከጀርባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ስለማውቅ። አንዳንዱ ሰው የደብረ ማርቆስን አዲሱን ማረፊያ ሲያነሣ፣ ሞጣም የድሮዋን ታስመልስ ይላል፤ ሌላውም ከተማ እንዲሁ። ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ግን ሙያዬ የሚፈቅድልኝ ፍርድ ይህ ነው፦ ከማርቆስ ሞጣ አውሮፕላን አያስፈልግም። ያን መንገድ የሚያሳጥረው አስፋልትና የክረምት ድልድይ ነው፤ ድንቹም ገብሱም በአየር አይሄድም። ከማርቆስ አዲስ አበባ ግን ሌላ ነው። በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በ2001 ዓ.ም. መባቻ የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ። በአየር 104 ማይል፣ 193 ኪሎ ሜትር፤ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በለጥ የሚል በረራ። መሐሉ ላይ ጮቄን የሚያህል ጋሬጣ የለም፤ ሸለቆው ለአውሮፕላን ባዶ አየር ነው። ምጥ የያዛት፣ ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ፣ መንገድ የተዘጋበት ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። አውሮፕላን የሚክሰው እዚህ ነው።

ስለዚህ በየከተማው ስለ ማረፊያ ስብሰባ ሲጠራ ለምትገቡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የመንደርደሪያውን ርዝመትና የሕንፃውን ውበት ሌሎች ያወሩላችኋል። እናንተ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ማታ የሚበራ መብራት አለው? ሌሊቱን ሁሉ ጉሙንና ነፋሱን የሚመዘግብ ባለሙያ ይቀመጥበታል? ነዳጅና የእሳት አደጋ መኪና ሁልጊዜ ይኖረዋል? ሦስቱ ከሌሉት እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ያንን ማረፊያ አማራጭ ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ከጎኑ የሚያልፍ የተቸገረ አውሮፕላንም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል።